የድሮ ላፕቶፕ ግራፊክስ ድራይቨር እድሳት፤ ከጾመ ነቢያት እስከ ጥምቀት ማግሥት የያዝኩት ማስታወሻ

ኅዳር 16

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። እስከ ገና ሠርግ የለም፤ ወደ ፎቶ ቤቱ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው። ላፕቶፑን ለመነካካት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም። ከከተራ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ቀና የምልበት ቀን አይኖርም።

የማሽኑ ሁኔታ፦ ኮር አይ5-3210ኤም ፕሮሰሰር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። ራም 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት፣ ፎቶሾፕ ሲኤስ6። ግራፊክሱ ሁለት ነው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ 4000፣ ሌላው ለብቻው የተቀመጠው ኤንቪዲያ ጂፎርስ ጂቲ 630ኤም፣ 1 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው።

ሕመሙ፦ ፎቶሾፕ በተከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከስክሪን ድራይቨሩ (ዊንዶውሱ የግራፊክስ ካርዱን ከሚያዝበት ፕሮግራም) ጋር ችግር እንደገጠመውና በግራፊክስ ካርዱ የሚሠሩ ነገሮችን ለጊዜው እንዳጠፋ የሚገልጽ መልእክት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሊኩዊፋይ፣ ማለትም ምስልን በብሩሽ እየገፉ ቅርጽ የሚያስተካክሉበት መሣሪያ፣ ያዘግማል፤ ብሩሹን ካንቀሳቀስኩ በኋላ ምስሉ የሚከተለኝ ቆይቶ ነው። አይሪስ ብለር (የፎቶን ዳር የሚያደበዝዘው) ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል።

ሌላም ችግር አለብኝ፤ ግን ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። የጥቅምቱ ሠርግ አልበም ታትሞ ሲመጣ ጠቁሮ መጣ። የሙሽሪት እናት ትናንት ፎቶ ቤት ድረስ መጥተው የመልሱን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። ነጠላው አመድ መስሏል። «ልጄ፣ ጥጡን የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ነጭ ነበር» አሉኝ። «እትዬ፣ የህትመት ችግር ነው፣ አነጋግራቸዋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ማተሚያ ቤቱንም በስልክ ትንሽ ጠንከር ባለ ቃል ተናግሬያለሁ።

ኅዳር 18

ምንም ሳልነካ በፊት መለካት አለብኝ። አለበለዚያ በኋላ «ፈጠነ መሰለኝ» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። አንድ መሞከሪያ ፋይል መረጥኩ፦ በ24 ሜጋፒክስል የተነሳ፣ ባለ 16 ቢት፣ ስድስት ሌየር ያለው። በስልኬ ሰዓት ለካሁ፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ መካከለኛውን ያዝኩ።

ፋይሉን መክፈት 41 ሴኮንድ። ማስቀመጥ 1 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ። አይሪስ ብለር 58 ሴኮንድ። ሊኩዊፋይ ላይ አንድ የብሩሽ ምት እስኪታይ 3 ሴኮንድ ገደማ።

ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ የሁለቱን ካርዶች መታወቂያ ጻፍኩ። የካርድ ስም አያስተማምንም፤ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ቺፕ ይሸጣል። የማይዋሸው መታወቂያ ቁጥሩ ነው፤ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ የሚለው ውስጥ ይገኛል። ኢንቴሉ ቬን (ሠሪው) 8086፣ ዴቭ (ቺፑ) 0166 ነው። ኤንቪዲያው ቬን 10ዲኢ፣ ዴቭ 0ዲኢ9። ይህ የኋለኛው ፌርሚ ከሚባለው ትውልድ መሆኑን ይናገራል። የድራይቨሩ ቀን እ.ኤ.አ. 2015 ይላል፤ ካሜራዬ እንኳ ከእሱ ያነሰ ዕድሜ አለው።

ኅዳር 20

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማስታወሻው ለዚህ አይደል።

ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጠቅታ የሚያድስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አውርጄ ጫንኩ። ቃኝቶ 23 ያረጁ ድራይቨሮች አገኘሁ አለ። ግራፊክሱን ብቻ ላድስ ስል ክፍያ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም በዝግታ ማደስ ግን ነጻ ነው አለኝ። እሺ አልኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ይላል፣ ምስል የለም።

ሪስቶር ፖይንት፣ ማለትም ዊንዶውሱን ወደ ነበረበት የሚመልስ መያዣ፣ አላስቀመጥኩም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ያዳነኝ ዘዴ፦ ዊንዶውሱ መነሳት ሲጀምር የኃይል ቁልፉን ተጭኖ ማጥፋት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዊንዶውስ 10 ችግር እንዳለ ይረዳና የጥገና ገጽ ያወጣል። ከዚያ በስታርትአፕ ሴቲንግስ በኩል ሴፍ ሞድ ውስጥ (ዊንዶውሱ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት) ገባሁ፤ ሁለቱንም የግራፊክስ ድራይቨሮች አራገፍኩ፤ ያንን ፕሮግራምም አብሬ ሸኘሁት። አሁን የሚሠራው የማይክሮሶፍት መሠረታዊ የስክሪን ድራይቨር ነው። ምስል አለ፤ ግን የስክሪኑን ብርሃን መቀነስና መጨመር አይቻልም፣ መስኮት ሲጎተት ይንቀጠቀጣል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት የዋልኩት ከጀመርኩበት ወደ ኋላ ለመሄድ ነበር።

ኅዳር 22

ትክክለኛዎቹን ፋይሎች መፈለግ። የላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ ለዚህ ሞዴል ያለው የዊንዶውስ 7 እና 8 ድራይቨር ብቻ ነው። ስለዚህ ከቺፕ ሠሪዎቹ።

ለኤንቪዲያው ምርጫ የለም፤ ለፌርሚ ካርዶች የመጨረሻው 391.35 ነው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 የወጣ። ከዚያ በላይ ቁጥር ያለው ሁሉ ይህን ካርድ አያውቀውም። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አዲሱን ለምን አታወርድም?» አለኝ። በግራፊክስ ድራይቨር አዲስ ማለት ለካርዱ የተጻፈው የመጨረሻው ማለት ነው፤ ዛሬ የወጣው አይደለም። ለኢንቴሉ 10.18.10.5161 የሚለውን አገኘሁ፤ ካየኋቸው ውስጥ ለኤችዲ 4000 የሚሆን ከፍተኛው ቁጥር እሱ ነው። በዚፕ የታሸገውን ወሰድኩ፤ ለምን እንደጠቀመኝ ወደ ፊት ይታያል።

የኤንቪዲያው ከ400 ሜጋባይት በላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ ሞክሬ ሰማንያ ከመቶ ላይ ተቋረጠ፤ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስቼ፣ የቅዳሴ ደወል ሳይደወል አለቀ። የኢንተርኔት ወጪ 190 ብር። ሁለቱንም ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ።

ኅዳር 24

ሪስቶር ፖይንት አስቀመጥኩ። አሁን ተምሬያለሁ።

ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር የሚባለውን መሣሪያ በሴፍ ሞድ አስነስቼ የቀድሞዎቹን ርዝራዥ ሁሉ ጠረግሁ። ከዚህ በፊት ኢንተርኔቱን ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ካልተቋረጠ ዊንዶውሱ በመካከል ገብቶ የራሱን ያወርዳል። ከዚያ የኤንቪዲያውን ጫንኩ። ተስማሚ የግራፊክስ ካርድ አላገኘሁም ብሎ ቆመ። ደገምኩ፤ ያው። መታወቂያ ቁጥሩን ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁ፤ ትክክል ነው። ሦስተኛ ሞከርኩ። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ አሁን አላውቅም፤ ንዴት ይመስለኛል።

ኅዳር 25

ተኝቼ ተነስቼ ገባኝ። የዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ስክሪን ሽቦው የሚሄደው ወደ ኢንቴሉ ነው። ኤንቪዲያው ከባዱን ሥራ ይሠራና ያለቀውን ምስል ለኢንቴሉ ያስረክባል፤ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ኢንቴሉ ነው። ኦፕቲመስ ይሉታል። ወጡን ጓዳ ውስጥ የሚሠራው ሌላ፣ ማዕዱን የሚያቀርበው ሌላ እንደማለት። እኔ ደግሞ ማዕድ አቅራቢው ሳይኖር ወጥ ሠሪ ቀጥሬ ነበር። የኢንቴሉ ድራይቨር በሌለበት የኤንቪዲያው ጫኝ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ኢንቴሉ ይቅደም። የራሱን ጫኝ ስነካው ይህ ድራይቨር ለዚህ ኮምፒውተር አልተረጋገጠም፣ ከአምራቹ ይውሰዱ አለኝ። አምራቹ ጋ የሌለ ነገር። ዚፑ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው፦ ፈታሁት፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ መሠረታዊውን ድራይቨር መርጬ ማሻሻያ የሚለውን ነካሁ፣ ከኮምፒውተሬ ልፈልግ፣ ከዝርዝር ልምረጥ፣ ከዚያ ሃቭ ዲስክ የሚለውን። ግራፊክስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የአይኤንኤፍ ፋይል (ድራይቨሩ የሚያውቃቸው ካርዶች የተዘረዘሩበትን) አሳየሁት። ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ጨለም ብሎ ተመለሰ፤ የብርሃን ማስተካከያውም አብሮ ተመለሰ። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መሄድ የሚቻለው መታወቂያ ቁጥሩ በአይኤንኤፉ ውስጥ መኖሩን በዓይን ካዩ በኋላ ነው፤ እኔ በኖትፓድ ከፍቼ 0166 የሚለውን ፈልጌ አግኝቻለሁ።

ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁ። ኤንቪዲያውን ጫንኩ፤ ካስተም ከሚለው ውስጥ ድራይቨሩንና ፊዚክስ ሞተሩን ብቻ፣ የጨዋታ ማጀቢያውን ትቼ። በስድስት ደቂቃ አለቀ፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን የለም።

ታኅሣሥ 2

ደስታው አልቆየም። ለጉርድ ፎቶ ደንበኞች ብዬ ኢንተርኔት ከፍቼ ባደርኩ ማግሥት የኢንቴሉ ድራይቨር ወደ 2015ቱ ተመልሶ አገኘሁት። ዊንዶውስ 10 ለሃርድዌር የሚያውቀውን ድራይቨር በዝማኔ በኩል ራሱ ያወርዳል፤ ይህን አውቄ መዝጋት ነበረብኝ። በሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ ሃርድዌር በሚለው ስር፣ የዲቫይስ መጫኛ ምርጫውን «አይ» አልኩት። ድራይቨሩን እንደገና በእጅ ጫንኩ፤ ከዚያ ዝማኔዎችን መደበቂያ በሆነችው ትንሽ መሣሪያ ያንን አሮጌ ድራይቨር ከዝርዝሩ ደበቅሁት። ሦስት ቀን ኢንተርኔት ከፍቼ አየሁ፤ አልተመለሰም።

ታኅሣሥ 5

የመለኪያ ቀን። በኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ ፎቶሾፕን ለይቼ ከፍተኛ አቅም ባለው ካርድ እንዲሠራ አዘዝኩ። በፎቶሾፕ ምርጫዎች፣ ፐርፎርማንስ ስር፣ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ተጠቀም የሚለው ሳጥን አሁን ደብዛዛ አይደለም፤ ምልክት አደረግሁበት። አድቫንስድ የሚለውን ሁነታ ትቼ ኖርማል ላይ አቆምኩት።

ሊኩዊፋይ ብሩሹን እንደ ጥላ ይከተላል፤ የሚለካ ነገር የለውም። አይሪስ ብለር ከ58 ወደ 21 ሴኮንድ ወረደ። ፋይል መክፈት 40። ማስቀመጥ 1 ደቂቃ ከ10።

እነዚህ ሁለት የመጨረሻ ቁጥሮች አስከፉኝ። ያን ሁሉ ቀን ለፍቼ ያተረፍኩት አንድና ሁለት ሴኮንድ። ግን ሳስበው ጥፋቱ የድራይቨሩ አይደለም። ሲኤስ6 በግራፊክስ ካርድ የሚሠራቸው ነገሮች የተወሰኑ ናቸው፦ ሊኩዊፋይ፣ የብለር ጋለሪው፣ ማጉላትና ማሽከርከር የመሳሰሉት። ፋይል መክፈትና ማስቀመጥ የፕሮሰሰር፣ የራምና የዲስክ ሥራ ነው።

ታኅሣሥ 7

መልእክቱ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ፣ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን ተመልሷል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዊንዶውሱ ችግሮችን በሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ ቁጥሩ 4101 ነው።

ያነበብኩት ይህ ነው፦ ግራፊክስ ካርዱ ለታዘዘው ሥራ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ካልመለሰ ዊንዶውሱ ተሰቅሏል ብሎ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። የዊንዶውሱ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጂስትሪ ውስጥ ቲዲአር ዲሌይ የሚባል እሴት ፈጥሮ ይህን ጊዜ ማርዘም ይቻላል። 8 አደረግሁት። ውጤቱ፦ ያው ጥቁረት፣ ግን ከስምንት ሴኮንድ መሰቀል በኋላ። መልሼ አጠፋሁት። ሕመምተኛው ሲያስል አፉን መያዝ ነበር።

የግራፊክስ ካርዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዜድ የሚባል ፕሮግራም ከፍቼ ሙቀቱን አየሁ፤ አይሪስ ብለር ስደጋግም 96 ዲግሪ ሴልሺየስ። መዳፌን በላፕቶፑ ጎን የአየር መውጫ ላይ ሳደርግ የሚወጣ አየር የለም ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 9

ከፈትኩት። ትንሿ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ጥጥ፣ አልኮል 80 ብር፣ የሙቀት ቅባት 300 ብር። አንድ ወዳጄ «ጎሚስታ ውሰደው፣ በኮምፕረሰር አንዴ ያስነፍሱልሃል» ብሎኝ ነበር። የጎሚስታ አየር ውኃ ይዞ ይወጣል፤ ቬንትሌተሩንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። የካሜራ ሌንስ የማጸዳበት የጎማ መንፊያ ይበቃኛል።

የታችኛውን ክዳን 11 ብሎን ይዞታል። ከሙቀት ማስተላለፊያው ክንፎች ፊት ለፊት አቧራው ተደራርቦ፣ ተጋግሮ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተነጥፏል፤ በመቆንጠጫ ስይዘው ሳይበጠስ በአንድ ቁራጭ ወጣ። ግራጫ፣ ስስ፣ የጣት ርዝመት ያለው። የበጋውን አቧራ እኔ በአፍንጫዬ ስስብ ይህ ደግሞ በጎኑ ይስብ ነበር። ሁለቱ ቺፖች ላይ ያለው የድሮ ቅባት ደርቆ የቀረ ሊጥ ሆኗል። በአልኮል ለቅልቄ ጠረግሁ፣ በየቺፑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አኑሬ መልሼ አሰርኩ።

ሳስነሳው ቬንትሌተር የለም ብሎ ጮኸ። ሽቦውን ሳልሰካ ዘግቼዋለሁ። እንደገና 11 ብሎን።

አሁን በያው ሥራ 78 ዲግሪ። 4101 ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየም። ድራይቨሩን ሳድስ ችግሩ ከሩብ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት መራቁ ድራይቨሩም ድርሻ እንደነበረው ያሳያል፤ የቀረውን ግን አቧራው ነበር የያዘው።

ታኅሣሥ 14

ራም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 24 ሚሊዮን ፒክስል በሦስት ቀለም፣ በ16 ቢት ማለትም በ2 ባይት፣ አንድ ሙሉ ሌየር 144 ሜጋባይት ነው። ስድስቱ 864። የኋላ ታሪክ እርምጃዎቹ ሲጨመሩ፣ ዊንዶውሱ የራሱን ሲወስድ፣ ኤችዲ 4000ም የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ሲበደር 4 ጊጋባይት የት ይደርሳል? የተረፈው ወደ ሃርድ ዲስክ ይፈስሳል፤ የዲስኩ ኩርኩር ድምፅ እሱ ነው።

ፒያሳ ወርጄ ያገለገለ 4 ጊጋ ገዛሁ፣ 1,800 ብር። ቤት ስደርስ አይገባም። ዲዲአር4 ነው፤ መሰኪያው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታ ከእኔው ዲዲአር3 ይለያል። ሻጩ «ላፕቶፕ ነው አልከኝ እንጂ የስንት ዓመት ላፕቶፕ መቼ ነገርከኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። 200 ብር ጨምሬ ለወጥኩ።

በ8 ጊጋባይት፦ መክፈት 19 ሴኮንድ፣ ማስቀመጥ 38። ከጅምሩ በዚህ ብጀምር ኖሮ እላለሁ፤ ግን ሊኩዊፋይን ራም አያድነውም ነበር።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ የጻፍኩት ይረዝማል።

ጠዋት በገብርኤል ንግሥ ያነሳሁትን ትቼ፣ ከሰዓት በኋላ የጥቅምቱን የመልስ ፎቶ ለድጋሚ ህትመት ከፍቼ ነበር። በቻርጀር እየሠራሁ። እውነትም ፋይሉ ጠቆር ያለ ነው፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቶቹ ጥቁር። ገረመኝ፤ ያኔ ሳስተካክለው እንዲህ አልነበረም፤ ዓይኔ ምን ነክቶት ነበር? ነጠላውን ወደ ነጭ መለስኩት፤ የክሩ ሽመና አንድ በአንድ ይታያል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞረ። ሻማ ፈልጌ ተመልሼ ስቀመጥ፣ ያው ፎቶ፣ ያልነካሁት፣ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ፊቶቹ ፈክተዋል፤ የነጠላው ክር ጠፍቶ አንድ ወጥ ነጭ ሆኗል። እጄ ሳላዝዘው ነጩን ለመቀነስ ወደ ከርቭስ (ብርሃንና ጥላ ማስተካከያው) ሲሄድ ያዝኩት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አዲሱን ድራይቨር ነው። ግን የጥቅምቱ አልበም ከድራይቨሩ በፊት ነው የተሠራው።

መብራት ማታ ሦስት ሰዓት ሲመጣ ፈተንኩት። በፎቶሾፕ ከጥቁር እስከ ነጭ 16 ደረጃ ያለው ግራጫ መስመር ሠራሁ፣ ጥቁር መደብ ላይ። ካሜራውን በትራይፖድ ስክሪኑ ፊት ተከልኩ፤ ሁሉንም በእጅ፦ አንድ ሠላሳኛ ሴኮንድ፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 200። የስክሪኑን ብርሃን ሁለቴም እኩል አድርጌ አንዴ ቻርጀር ተሰክቶ፣ አንዴ ተነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ቆይቼ አነሳሁ። ከዚያ የሁለቱን ፎቶዎች ቁጥር አነበብኩ። 8ኛዋ ደረጃ በቻርጀር 96፣ በባትሪ 113። 15ኛዋና 16ኛዋ በቻርጀር 221 እና 238፤ በባትሪ 226 እና 227። ሁለቱ ነጮች ተዋሕደዋል።

ምክንያቱን ያገኘሁት የኢንቴሉ ግራፊክስ መቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑን በያዝኩባቸው ዓመታት አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ፓወር የሚል አለ፤ እሱ ውስጥ በባትሪ ሲሠራ የሚል፤ እሱ ስር የዲስፕሌይ ኃይል ቆጣቢ ቴክኖሎጂ። ምልክት ተደርጎበታል። ሥራው ይህ ነው፦ ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን የጀርባ ብርሃን ይቀንሳል፤ መቀነሱ እንዳይታወቅ ደግሞ የምስሉን ቃና ያነሳዋል። ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው በጎ ነገር ነው። ምስሉ ጨለማ ሲበዛበት ይበልጥ ይሠራል፤ የሲኤስ6 መደብ ደግሞ ጥቁር ግራጫ ነው። ምስሉን የሚሠራው ኤንቪዲያው ቢሆንም አያድንም፤ ሁሉም ነገር ወደ ስክሪን የሚወጣው በኢንቴሉ በኩል ነውና።

የጥቅምቱን አልበም የሠራሁት መብራት በሚጠፋባቸው ምሽቶች ነበር። ፊቶቹ በቂ ብርሃን ያላቸው መስሎኝ ተውኳቸው፤ ነጠላው የተቃጠለ መስሎኝ ወደ ታች ጎተትኩት። ማተሚያ ቤቱ የላክሁለትን ነው ያተመው።

ምልክቱን አጠፋሁ። መስመሩን እንደገና በባትሪ አነሳሁ፤ 16ቱም ደረጃ ተለያይተው ታዩ። የባትሪው ዕድሜ ግን ከ50 ደቂቃ ወደ 40 ገደማ ወርዷል።

ታኅሣሥ 21

ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሠራተኛው «እኛማ ፋይሉ ጠቁሯል ብለን ልንደውልልህ ነበር፤ ግን ባለሙያ ነህ ብለን ተውነው» አለ። ይህ ከስድብ ይብሳል። አራት የሙከራ ህትመት በ160 ብር አሳተምኩ። ሁለቱን በቀን ብርሃን ከስክሪኑ ጋር አስተያይቼ የስክሪኑን ብርሃን ትንሽ ቀነስኩ።

አንድ ነገር ለራሴ፦ ድራይቨሩ እንደ አዲስ በተጫነ ቁጥር ይህ ምልክት ተመልሶ ይበራል። ታኅሣሥ 2 ሳድሰው በርቶ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን ሰዓት ይዤ ፍጥነት እለካ ነበር።

ጥር 4

የጥቅምቱ አልበም አሥራ ሁለት ገጾች እንደገና ታትመው መጡ። ገጹ 180 ብር፣ 2,160 ከኪሴ። እናትየው መጥተው ቆመው አዩት። መነጽራቸውን አውጥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ጣታቸውን ነጠላው ላይ አሄዱ። «ይኸውና ክሩ» አሉ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ሳቅ ብለው «ያኔ ማተሚያ ቤቱ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ።

ወጪ እስከ ዛሬ፦ ኢንተርኔት 190፣ አልኮል 80፣ ቅባት 300፣ ራም 1,800፣ የመለወጫ 200፣ የሙከራ ህትመት 160፣ ድጋሚ ህትመት 2,160። ድምር 4,890 ብር። ከግማሽ በታች የሆነው ነው ለላፕቶፑ ራሱ የገባው፤ የሌላው አብዛኛው የጥቅምት ምሽቶች ዕዳ ነው።

ጥር 13

ከተራ፣ ጥምቀት፣ የሚካኤል፤ ሦስት ቀን። ከፋሲል መዋኛ 1,340 ፍሬም ይዤ ተመለስኩ። አብዛኛው የሌሊቱ ነው፦ ጧፍ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ውኃ። ለዚያ ኃይል ቆጣቢ ከዚህ የበለጠ ድግስ አይኖርም ነበር። ሁለት ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሠራሁ፤ ማግሥቱን በቻርጀር ስከፍተው ያው ነው። አንድም ጊዜ 4101 የለም።

የቀረ፦ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ)፣ የጥር ሠርግ ሒሳብ ሲገባ። አዲስ ባትሪ፣ ከተገኘ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ከሚፈለገው ትውልድ በታች ስለሆነ፣ ፎቶሾፑ ያለበትን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ለይቼ ጉርድ ፎቶውን በሌላ ማሽን መሥራት አለብኝ።

ሁለቱ ድራይቨሮች ያሉበትን ፍላሽ ወረቀት ለጥፌበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ወረቀቱ ላይ፦ «ኢንቴል ይቅደም። ኢንተርኔት ይዘጋ። ከጫኑ በኋላ ፓወር፣ በባትሪ፣ ኃይል ቆጣቢው ይጥፋ።» ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ ዘፈን ሊገለብጥበት ፎርማት ሊያደርገው ሲል ደረስኩበት።